ያወጣውን መልሶ እንዳይስብ፦ የማደንዘዣ ሰርኪት አፈታተሽ ደረጃ በደረጃ

ጠዋት ከአዲሱ ገበያ ወደ ሱሉልታ የሚወጣ ሚኒባስ ይዛችሁ ታውቃላችሁ? የእንጦጦን ትከሻ ሲያያዘው ብርዱ ይጀምራል። አንዱ ጨክኖ መስኮት ይከፍታል። ወዲያው ከኋላ «ኧረ ዝጋው ወንድሜ፣ ብርድ ልታስመታን ነው?» ይባላል። ይዘጋል። ሱሉልታ ስንደርስ መስታወቱ በእንፋሎት ታፍኗል፣ ግማሹ ሰው ያዛጋል፣ እኔን ራሴን ይወቅረኛል። የአንዱ ትንፋሽ ለሌላው ሲዳረስ ነው የመጣነው።

ከዚያ ታክሲ ወርጄ የምገባው ኦፕራሲዮን ክፍል ነው። የማደንዘዣ ባለሙያ ነኝ። እዚያም ሥራዬ ያው መስኮት መክፈት ነው ማለት ይቻላል። የተኛው ሰው ግን «አፈነኝ» አይልም። መስኮቱን የሚከፍትለት እኛ ነን።

ስለ ሰርኪት፣ ማሽኑን ከታካሚው ጋር ስለሚያገናኘው የትንፋሽ ቱቦ፣ ይህን የምጽፈው ለተማሪዎችና አዲስ ለተመደቡ ባልደረቦች ነው። ማሽን ነክቶ የማያውቅ ሰው በዚህ ጽሑፍ ብቻ ተነስቶ ማደንዘዣ እንዳይሰጥ።

የቱ ትንፋሽ ነው ጥፋተኛው?

አንድ አዋቂ በአንድ ትንፋሽ ወደ 500 ሚሊ ሊትር ያስገባል። ከዚህ ውስጥ 150 ያህሉ ጉሮሮና የአየር ቧንቧ ላይ ቀርቶ ይመለሳል። ከደም ጋር አልተገናኘም። ሞቋል፣ ረጥቧል፣ ሌላ ምንም አልሆነም። ሲወጣ ቀድሞ የሚወጣውም እሱ ነው። ታካሚው መልሶ ቢስበው አይጎዳውም። ከሲሊንደር የሚመጣው ጋዝ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ እንዲያውም ይጠቅመዋል።

ጥፋተኛው ተከትሎት የሚወጣው ነው። ከሳንባው ጥልቅ የመጣ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተሸከመ፣ ኦክስጅኑ የተቀነሰ ጋዝ። እሱ ተመልሶ ከገባ ደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍ ይላል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ግፊት ይጨምራል።

ስለዚህ «መልሶ መተንፈስ» ሁሌ ጥፋት አይደለም። ሰርክል ሲስተም፣ ጋዙ እየዞረ የሚመለስበት ሰርኪት፣ የሚኖረው በሱ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፦ የተመለሰው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን የት ጥሎ መጣ?

ደረጃ 1፦ የያዛችሁትን ሰርኪት እወቁት

የእንግሊዝ ካርዲፍ የነበረው የፊዚክስ ሰው ዊሊያም ማፕልሰን በ1954 እ.ኤ.አ. ሶዳ ላይም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚይዝ ኬሚካል፣ የሌላቸውን ሰርኪቶች ከኤ እስከ ኢ ብሎ ደረደራቸው። ኤፍ ኋላ ነው የተጨመረው። እነዚህ ሰርኪቶች ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚያስወግድ ነገር የላቸውም። የሚያስወግደው ከማሽኑ የሚመጣው አዲስ ጋዝ ነው፤ እኛ ፍሬሽ ጋዝ የምንለው። በቂ ከመጣ አሮጌውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ካነሰ አሮጌው ተመልሶ ይገባል። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ግን «በቂ» ስንት ነው? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። መልሱ በሰርኪቱ ዓይነትና ታካሚው በራሱ መተንፈስ አለመተንፈሱ ይወሰናል።

ማፕልሰን ኤ፣ ማጊል የሚባለው፣ ቫልቩ ታካሚው አፍ አጠገብ ነው። ታካሚው በራሱ ሲተነፍስ መጀመሪያ የሚወጣው ንጹሑ ጋዝ ወደ ባጉ (ወደ ጎማው ከረጢት) ይሄዳል። ባጉ ሲሞላ ቫልቩ ይከፈትና የመጨረሻው፣ ቆሻሻው፣ ይወጣል። ቆጣቢ ነው፤ በኪሎ በደቂቃ 70 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ባጉን በእጅ መጭመቅ ስትጀምሩ ግን ይገለበጣል። ቫልቩ የሚከፈተው እኛ ስንጭን ስለሆነ አዲሱ ጋዝ ያመልጣል፣ አሮጌው ይቀራል። ማጊል ይዞ ረጅም ሰዓት በእጅ ማናፈስ አይመከርም።

ቤይን ደግሞ ማፕልሰን ዲ ነው፤ ቱቦ ውስጥ ቱቦ። ፍሬሽ ጋዙ በቀጭኑ የውስጥ ቱቦ እስከ ታካሚው አፍ ይሄዳል፣ ትንፋሹ በሰፊው የውጭ ቱቦ ይመለሳል። የሱ ጠባይ ከማጊል ተቃራኒ ነው። በእጅ ወይም በቬንቲሌተር ስታናፍሱ በኪሎ 70 ሚሊ ሊትር ይበቃል። በራሱ ሲተነፍስ ከ150 እስከ 200 ይፈልጋል።

ቁጥሩን እናስላው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በቤይን ተኝታለች። እኛ የምናናፍስላት ከሆነ 4.2 ሊትር በደቂቃ። በራሷ የምትተነፍስ ከሆነ ከ9 እስከ 12 ሊትር። ልዩነቱን በኦክስጅን ሲሊንደር እዩት። 40 ሊትር ሲሊንደር በ150 ባር ሲሞላ ወደ 6,000 ሊትር ጋዝ ይወጣዋል። በ10 ሊትር ከሄድን 10 ሰዓት ነው። በ4.2 ከሄድን አንድ ሙሉ ቀን ሊጠጋ ይችላል። ሲሊንደር ከአዲስ አበባ እስኪመጣ የሚጠብቅ ሰው ይህ ሒሳብ ይገባዋል። የሚያሳዝነው፣ ለመቆጠብ ብለው ፍሎው ሜትሩን (የጋዝ ፍሰት መለኪያውን) ወደ 5 የሚያወርዱት ብዙ ጊዜ ታካሚው በራሱ ሲተነፍስ መሆኑ ነው።

ለሕፃናት የምንጠቀምበት ጃክሰን ሪስ፣ ያ ጭራው የተከፈተው ባግ፣ ማፕልሰን ኤፍ ነው። ቫልቭ የለውም፣ ስለዚህ ለመተንፈስ አይከብድም። በምላሹ ጋዝ ይበላል፤ ልጁ በደቂቃ ከሚተነፍሰው ሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጥፍ ስጡት። 10 ኪሎ ልጅ በደቂቃ ወደ 2 ሊትር ይተነፍሳል፣ እናንተ 5 ወይም 6 ሊትር ትከፍታላችሁ።

ደረጃ 2፦ የቤይኑን የውስጥ ቱቦ ፈትሹ

ቤይን ይዛችሁ ከሆነ ይህን ሳታደርጉ ሰው እንዳታስተኙ። የውስጥ ቱቦው ከማሽኑ በኩል ቢነቀል ወይም ቢሰነጠቅ ከውጭ አይታይም። ፍሬሽ ጋዙ ታካሚው አፍ ሳይደርስ እዚያው ሥሩ ላይ ይፈሳል። ያን ጊዜ አንድ ሜትር ከምናምን ቱቦ በሙሉ የአሮጌ ትንፋሽ ማከማቻ ይሆናል።

ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፦ ፍሎው ሜትሩን 2 ሊትር ላይ ክፈቱ። ከታካሚው በኩል የውስጡን ቱቦ ብቻ በትንሽ ጣታችሁ ወይም በትንሽ ሲሪንጅ ግንድ ለአፍታ ድፈኑ። ፍሎው ሜትሩ ውስጥ ያለችው ተንሳፋፊ ቦቢን ዝቅ ካለች ቱቦው ደህና ነው። ካልተነቃነቀች ጋዙ በሌላ ቦታ እየወጣ ነው።

ሁለተኛው፦ ቫልቩን ዝጉ፣ የታካሚውን ጫፍ በመዳፍ ዘግታችሁ ባጉን ሙሉ። ከዚያ ጫፉን ለቅቃችሁ የኦክስጅን ፍላሹን (ኦክስጅን በአንዴ በብዛት የሚለቀውን ቁልፍ) ተጫኑ። በውስጥ ቱቦ በፍጥነት የሚወጣው ጋዝ ከውጭኛው ቱቦ አየር ይጎትታል፣ ባጉ ይሟሽሻል። ባጉ እንደተነፋ ከቀረ ወይም ይብስ ከተነፋ የውስጥ ቱቦው ያፈሳል። እኔ ሁለቱንም አደርጋለሁ። አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ፍላሹን ግን ታካሚው ላይ ተገጥሞ እያለ እንዳትሞክሩት።

ቱቦው አርጅቶ ቢጫ ከሆነ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ከሆነ ደግሞ ፈተናውን ቢያልፍም እኔ አላምነውም።

ደረጃ 3፦ ሰርክል ከሆነ፣ ሶዳ ላይሙንና ሁለቱን ቫልቮች

ሰርክል ውስጥ ታካሚው ያወጣውን መልሶ ይስባል፣ ግን በመንገድ ላይ ሶዳ ላይም ያጣራዋል። ሶዳ ላይም በአብዛኛው ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ የምናውቀው ኖራ በውኃ የተነከረ። ትንሽ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና ውኃ ታክሎበታል።

ሱሉልታ ላይ ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ የለብኝም። በጫንጮ መንገድ ሲሚንቶ የጫኑ መኪኖች ሲያልፉ አያለሁ። ሲሚንቶ ፋብሪካ የኖራ ድንጋይ ያቃጥላል፣ ድንጋዩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ካኒስተራችን፣ የሶዳ ላይሙ ዕቃ፣ ውስጥ የሚሆነው የዚያ ግልባጭ ነው። ኖራው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን መልሶ ይይዛል፣ ወደ ኖራ ድንጋይ ይመለሳል፣ ሙቀት ያወጣል። ለዚህ ነው ጥቅም ላይ ያለ ካኒስተር ሲነካ የሚሞቀው። ለዚህም ነው ያለቀ ሶዳ ላይም በጣት ሲጫኑት እንደ ጠጠር የሚደርቀው፤ ደህናው በቀላሉ ይፈረካከሳል። በጓንት እንጂ በባዶ እጅ አይነካም፣ ቆዳ ያቃጥላል።

ቀለሙ ይረዳል፣ ግን ይዋሻል። ነጭ የነበረው ወይን ጠጅ እየሆነ ሲመጣ እያለቀ ነው። አንዳንዱ ብራንድ ደግሞ ከሮዝ ወደ ነጭ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትፍረዱ። ውሸቱ ምንድን ነው? ማሽኑ ሲያርፍ ቀለሙ ይመለሳል። ዓርብ ማታ ወይን ጠጅ የነበረው ሰኞ ጠዋት ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አቅም ግን አላገኘም፤ ሁለት ሦስት ታካሚ ሳይጨርስ ይከዳል።

ስንት ይቆያል? መቶ ግራም ሶዳ ላይም ቢበዛ ወደ 26 ሊትር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል። የተኛ አዋቂ በደቂቃ 200 ሚሊ ሊትር ያህል፣ በሰዓት 12 ሊትር ያመርታል። በወረቀት ላይ አንድ ኪሎ ከ20 ሰዓት በላይ ይሄዳል። በተግባር ጋዙ ቀላል መንገድ መርጦ በዳር በዳር ስለሚያልፍ በጣም ያንሳል። ስትሞሉ ካኒስተሩን ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፣ ክፍተት እንዳይኖር። ዱቄቱ ግን ቫልቭ ላይ እንዳይገባ አራግፉት።

ሌላ አንድ ነገር፦ ኦክስጅኑን ዓርብ ሳይዘጉ የሄዱ ሰዎች ሰኞ የሚያገኙት የደረቀ ሶዳ ላይም ነው። ውኃው ከሌለ አይሠራም፤ እንደ አይሶፍሉሬን ካሉ መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝም ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊያወጣ ይችላል። ማሽኑ ሲነፋ ካደረ ሶዳ ላይሙን ቀይሩት። ውድ ነው፣ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ቫልቮቹ። ሁለት ስስ ዲስኮች ናቸው፣ በግልጽ ክዳን ሥር ይታያሉ። አንዷ ወደ ታካሚው ብቻ፣ ሌላዋ ከታካሚው ብቻ ታሳልፋለች። እርጥበት ሲያጣብቃት፣ የሶዳ ላይም ብናኝ ሥሯ ሲገባ፣ ወይም ጠርዟ ሲቆለመም ክፍት ትቀራለች። ያን ጊዜ ትንፋሹ በመጣበት ይመለሳል፣ ሶዳ ላይሙ አዲስ ቢሆን እንኳ ዋጋ የለውም።

ፍተሻው እንዲህ ነው። የታካሚው ጫፍ ላይ ሁለተኛ ባግ ግጠሙ። ሰርኪቱን ሙሉ፣ ከዚያ አንዱን ባግ ጨምቃችሁ ልቀቁ፣ ሌላውንም እንደዚያው። ዓይናችሁ ዲስኮቹ ላይ ይሁን። ወደ ውስጥ ስትነፉ የመግቢያዋ ብቻ ትነሳ፣ ሲመለስ የመውጫዋ ብቻ። ሁለቱም አብረው ከተንቀጠቀጡ ወይም አንዷ ጭራሽ ካልተነቃነቀች ክዳኑን ፍቱ፣ ዲስኳን በጋውዝ አድርቁ፣ መልሱ። አሮጌ ማሽን ከሆነ ጋዙን በሶዳ ላይሙ በኩል የሚያሳልፍ ወይም የሚያግድ ማንሻ ሊኖረው ይችላል። እሱ «ዝግ» ላይ ሆኖ ስንቱ አዲስ ሶዳ ላይም ሲቀይር ውሏል።

ደረጃ 4፦ ከአፍ እስከ ዋዩ ያለውን ቁጠሩ

ቱቦዎቹ የሚገናኙበት የእንግሊዝኛውን ዋይ (Y) የሚመስል ማያያዣ አለ። ከዚያ ወዲህ ወደ ታካሚው ያለው ሁሉ፣ ፊልተሩ፣ ክርኑ፣ ተጣጣፊው ማራዘሚያ፣ ማስኩ፣ ትንፋሽ ወጥቶ ተመልሶ የሚገባበት ቦታ ነው። ለአዋቂ 50 ሚሊ ሊትር ብዙ አይደለም። ለሕፃን ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ድሮ በምሠራበት አንድ ሆስፒታል 9 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ለእብጠት ኦፕራሲዮን አስተኛሁ። ካፕኖግራፉ፣ የትንፋሹን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለካው መሣሪያ፣ ላይ መስመሩ ወደ ወለል (ወደ ዜሮ) አልወርድ አለ። ሶዳ ላይሙን አየሁ፣ አዲስ ነው። ቫልቮቹን አየሁ፣ ይሠራሉ። ፍሬሽ ጋዝ ጨመርኩ፣ ያው ነው። ላብ አጠመቀኝ። ዕቃ የምታቀብለው ሲስተር፣ በዕድሜ እናቴ የምትሆን፣ አንገቷን አስግጋ አየችና «ልጄ፣ ይቺ ፊልተር የአዋቂ አይደለችም እንዴ?» አለች።

ጎኗ ላይ 55 ሚሊ ሊትር ይላል። ልጁ በአንድ ትንፋሽ የሚወስደው ወደ 63 ነው። ያወጣውን ሊጨርስ ምንም ሳይቀረው መልሶ ይስበዋል ማለት ነው። ነቀልኳት። በሦስት ትንፋሽ መስመሩ ወለል ነካ። ልጁ ደህና ተነሳ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ፊልተር ስከፍት መጀመሪያ የማነበው ያንን ቁጥር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የካፕኖግራፉ ቀጭን ቱቦ ፊልተሩ ላይ ከማሽኑ በኩል ከተሰካ፣ ፊልተሩ ውስጥ የሚመላለሰውን አያይም። መስመሩ ዜሮ ያሳያል፣ ልጁ ግን እየሳበው ነው። ለሕፃን ከታካሚው በኩል ስኩት።

ደረጃ 5፦ ጫፉን ሳይሆን ወለሉን እዩ

ካፕኖግራፍ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ከፍተኛውን ቁጥር ነው። መልሶ መተንፈስን የሚነግራችሁ ግን ታችኛው ነው፤ ታካሚው ሲያስገባ የሚታየው። ዜሮ መሆን አለበት።

ይህ በተለይ እኛ ጋ ይጠቅማል። ሱሉልታ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የአየር ግፊቱ 550 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ 760 ነው። 5 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባሕር ዳርቻ 38 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ እኛ ጋ ወደ 27። ስለዚህ ማሽናችሁ የሚያሳየው በመቶኛ ይሁን በሚሊ ሜትር፣ ለከፍታው የተስተካከለ ይሁን አይሁን ካላወቃችሁ የላይኛው ቁጥር ያሳስታችኋል። እዚህ የለመደ ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ከመጽሐፉ ቁጥር ጥቂት ዝቅ ይላል። ዜሮ ግን ዜሮ ነው። ጂቡቲም ሱሉልታም ያው ነው።

ወለሉ ተነስቶ ካያችሁት ፍሬሽ ጋዙ መከፈቱን አረጋግጡና ወደ 10 ሊትር ከፍ አድርጉት። መስመሩ ወደ ዜሮ ከወረደ ሶዳ ላይሙ አልቋል፤ በከፍተኛ ፍሰት ጨርሳችሁ በኋላ ቀይሩት። ቤይን ወይም ማጊል ከሆነ ደግሞ ፍሰቱ አንሶ ነበር ማለት ነው። ሙሉ በሙሉ ካልወረደ ቫልቭ፣ የቤይን የውስጥ ቱቦ ወይም ፊልተር ጠርጥሩ። የመውጫዋ ቫልቭ ክፍት ስትቀር ወለሉ ይነሳል። የመግቢያዋ ከሆነች መስመሩ ወለል ሊነካ ይችላል፣ ግን ቁልቁለቱ ቀጥ ብሎ በመውረድ ፈንታ ተንሸራቶ ነው የሚወርደው።

ፍለጋው ከረዘመ አትድረቁ። ታካሚውን ከማሽኑ ነቅላችሁ በአምቡ ባግ (በእጅ በሚጨመቀው ማናፈሻ) እና በኦክስጅን አናፍሱት፣ እንዳይነቃ ኬታሚን በደም ሥር ስጡ፣ ከዚያ ተረጋግታችሁ ፈልጉ። አምቡ ባጉ ከአልጋው ራስጌ እንጂ ኮሪደሩ ላይ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ አይቀመጥም።

ጫፉ ከፍ ብሎ ወለሉ ዜሮ ከሆነስ? መልሶ መተንፈስ የሚጠረጠረው የካፕኖግራፉ ቀጭን ቱቦ ከፊልተሩ ማዶ፣ ከማሽኑ በኩል፣ ከሆነ ወይም ቁልቁለቱ ተንሸራቶ የሚወርድ ከሆነ ብቻ ነው። አለበለዚያ አተነፋፈሱ አንሷል፣ ወይም ሰውነቱ ብዙ እያመረተ ነው። ወደዚያ ሂዱ።

ካፕኖግራፍ ከሌለ፣ ወይም መብራት ከሄደ

የጣት ኦክሲሜትሩን አትመኑ። ኦክስጅን እየተሰጠው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሞላበት ሰው 98 እያሳየ ይተኛል። እኔ የማየው ሌላ ነው። በራሱ የሚተነፍስ ከሆነ ፍጥነቱ ይጨምራል። የልብ ምት ይወጣል፣ ግፊት ይወጣል፣ ግንባሩ ያልባል፣ ቆዳው ይቀላል። ቀዶ ሐኪሙ «ዛሬ ደሙ አልቆም አለኝ» ሊል ይችላል። ሃሎቴን፣ በትንፋሽ የሚሰጠውን ማደንዘዣ፣ እየሰጣችሁ ከሆነ የልብ ምቱ መዘበራረቅ ይጀምራል። ይህን ሁሉ «ማደንዘዣው ቀሎበታል» ብሎ ሃሎቴን መጨመር የተለመደ ስሕተት ነው። በራሱ የሚተነፍሰውን ሰው ይብስ ያዳክመዋል። መጀመሪያ ፍሬሽ ጋዝ ጨምሩ፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ ምቱን እዩ።

እጃችሁንም ተጠቀሙ። በአነስተኛ ፍሰት ግማሽ ሰዓት ከሄዳችሁ ካኒስተሩ መሞቅ አለበት። ከቀዘቀዘ ሶዳ ላይሙ እየሠራ አይደለም ወይም ጋዙ በሱ በኩል እያለፈ አይደለም። በከፍተኛ ፍሰት ከሆናችሁ ግን ሙቀቱ ብዙም ላይኖር ይችላል።

የክፍሉን አየር የሚስብ ማሽን ያላችሁ ደግሞ ቶሎ ንቁ። ኦክስጅን ካልታከለበት፣ በዚህ ከፍታ ተጠባባቂ ኦክስጅን ትንሽ ነው። አንድ መንገድ አሳላፊው ቫልቭ ቢጣበቅ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሳይከማች በፊት ኦክስጅኑ ይወርዳል።

የመጨረሻው የፕላስተር ጉዳይ ነው። ሶዳ ላይም በቀየራችሁ ቁጥር ካኒስተሩ ላይ ፕላስተር ለጥፉ። ቀኑን ጻፉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ታካሚ ሲያልቅ የወሰደውን ሰዓት በስክሪብቶ ደምሩበት። ሰኞ ጠዋት ቀለሙ ነጭ ሆኖ ፕላስተሩ ላይ ምንም ካልተጻፈ ነጩን አትመኑ፣ ቀይሩት።